ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት፦ ስለ ረጅም በረራ ጥያቄና መልስ

የበረራ ዕቅድ በማውጣት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ከኒውዮርክ ለንደን ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሲመለሱ ግን ወደ ስምንት ይጠጋል። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ርቀቱማ ያው ነው፤ 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን አውሮፕላኑ የሚበርበት አየር ራሱ ይጓዛል። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 150 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ከኋላው ካገኘ፣ መሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ 1,050 ይሆናል፤ ከፊቱ ከገጠመው ግን ወደ 750 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን እንዲህ ያለ ነፋስ ገፍቶት ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። እኛ ዕቅድ አውጪዎች ከካርታው በፊት የነፋሱን ትንበያ የምናየው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። የበረራው መስመር ግን ወደ ሰሜን ጎብጦ ይታያል። አብራሪዎቹ ለምን ይዞራሉ?

መልስ፦ አይዞሩም፤ ያሳሳተዎት ካርታው ነው። ማስመሪያውን ይተዉና ሉል ላይ ከቶኪዮ እስከ ሎስ አንጀለስ ክር ይወጥሩ። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ወደ አሉሺያን ደሴቶች ሲጠጋ ያዩታል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱን በግምት ለማወቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኪሎ ሜትሩን ለ850 ያካፍሉ፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ከ15,300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ስሌቱ 18 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም። ርቀቱ በባሕር ማይል ከተሰጠዎት አስቀድመው በ1.852 ያባዙት። ይህን ረስቶ የሚሳሳት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ከቶኪዮ 17፡00 ተነስቼ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን 11፡00 እንደምደርስ ይናገራል። የጽሕፈት ስህተት ነው?

መልስ፦ ትክክል ነው። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት (ከማርች እስከ ኖቬምበር) ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ16 ሰዓት ትቀድማለች። አሥር ሰዓት በረው 16 ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሲመለሱ አንድ ቀን ስለሚያጡ የሆቴልዎን ቀን ደግመው ይዩት።

ጥያቄ፦ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ አሁን 13 ይላሉ።

መልስ፦ ከ2022 ጀምሮ የሩሲያ የአየር ክልል ለፊንላንድ አውሮፕላኖች ተዘግቷል። ስለዚህ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይ በደቡብ ይዞራሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ቢበዛ ምን ያህል ይራራቃሉ?

መልስ፦ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 20,000። ከዚያ በላይ ርቀት የነገረዎት ሰው ወይ በየመሃሉ የሚቆሙባቸውን ቦታዎች ደምሮ ነው፣ ወይ ተሳስቷል።