መልስ፦ በታሪክ ዲግሪ ለሆቴል ሽያጭ ላመልክት ወይስ ልተወው?

አመልክቺ። ማስታወቂያው «ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ» ካለና ሆቴሉ የግል ከሆነ፣ የታሪክ ዲግሪ በር አይዘጋብሽም። ዩቲዩብን እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የመራችው ሱዛን ዎጅሲኪም ሃርቫርድ የተማረችው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነበር።

ግን ዲግሪውን ብቻ አትላኪ። አንድ ገጽ የእንግዳ ፕሮግራም ጽፈሽ አያይዢ፦ ለምሳሌ ለባሕር ዳር ሆቴል፣ ጠዋት በጀልባ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች ምን እንደሚተርኩ፣ ከጫካው ውስጥ ያለው ቡና። ጣና ላይ ያለው የደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባ ለባልና ሚስት እንግዶች ጀልባው ሳይነሳ የሚናገር ሻጭ ስንት ጭቅጭቅ ያስቀራል መሰለሽ! ይሄ የትምህርትሽ ፍሬ ነው፤ ቀጣሪው በዓይኑ ይየው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ባሕር ዳር ውስጥ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ እንዳየሁት፣ እንዳንቺ ታሪክ የተማሩ አመልካቾች የሚወድቁት ንግግር ላይ ሳይሆን ሒሳብ ላይ ነው። «የ1000 ብር ክፍል እንግዳው በስንት ይወጣል?» ሲባሉ ዝም። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ደምሪ፣ 1100። ቫቱ 15 በመቶ የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው፤ 1265 ይመጣል እንጂ 1250 አይደለም።