ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈራችን በጭስ ይታፈናል። ዘንድሮ የ9 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ሰው ሁሉ ዛሬ ቆሻሻ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሽታ ለማባረር ነው» አልኳት። «የምን በሽታ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ነገሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ይያያዛል ይላል። እኛ ግን እዚያ ጦርነት ውስጥ መቼ ገባን? (አንዲት እናት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ኢትዮጵያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አልተዋጋችም። ጦርነቱ ያሰራጨው በሽታ ግን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ በየቤቱ ገብቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1910 የካቲት መጨረሻ ላይ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ባለ አንድ የጦር ካምፕ ወታደሮች በጉንፋን መውደቅ ጀመሩ። ጉንፋን ስለሆነ ብዙም ያስጨነቀው ሰው አልነበረም። በዚያ ሰሞን ደግሞ አሜሪካ ወታደሮቿን በመርከብ እየጫነች ወደ ፈረንሳይ ትልክ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ መርከብ ላይ ተጨናንቆ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ከዚያ ወርዶ ምሽግ ውስጥ ተደራርቦ ይተኛል፣ የታመመው ወደ ኋላ ሆስፒታል ሲወሰድ በባቡር ከሌላው ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ለበሽታ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ነሐሴ 1910 ላይ ሁለተኛው ዙር ተነሣ። ይኼኛው ገዳይ ነበር። በአንድ ሰሞን ሦስት ወደቦች ላይ ታየ፤ ፈረንሳይ ብሬስት፣ አሜሪካ ቦስተን፣ እኛው አህጉር ላይ ደግሞ የሴራሊዮኗ ፍሪታውን። ከዚያ መርከብ በደረሰበት ሁሉ ደረሰ።

ፈረንጆቹ «የስፔን ጉንፋን» ይሉታል። ከስፔን ስለመጣ አይደለም። የሚዋጉት አገሮች የጠላት ልብ እንዳይደሰት፣ የራሳቸውም ሕዝብ እንዳይሸበር ብለው ጋዜጦቻቸውን አፍነው ነበር። ስፔን ጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች ጋዜጦቿ በግልጽ ጻፉ፣ ንጉሥዋ አልፎንሶ 13ኛም ታመሙ ተብሎ ተወራ። እውነቱን የተናገረ አገር ስሙ ከበሽታው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል። የእኛ ሰው ያወጣለት ስም ይሻላል፤ የኅዳር በሽታ። ማንንም ሳይወነጅል የመጣበትን ወር ብቻ ይናገራል።

አሁን ወደ እኛ ከተማ። በ1911 አዲስ አበባ ገና የ32 ዓመት ከተማ ናት። ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ከተማዋ ከገባ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ድሮ ከባሕር ጠረፍ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ የጥቂት ቀን ሆኗል። ሸቀጥ በቶሎ ይገባል፣ በሽታም እንደዚያው።

ኅዳር ሲገባ ከተማው ወደቀ። ሐኪም ጥቂት ነው፣ እነሱም ራሳቸው ታመሙ። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ቢተርፉም ባይተርፉም የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው፣ እሱም ቢሆን ቫይረስ አይገድልም። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ለዛሬዋ አዲስ አበባ ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል፣ ለዚያች ትንሽ ከተማ ግን ከየሰፈሩ፣ ከየጎረቤቱ ሰው ጎደለ ማለት ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ በዚህ በሽታ ብዙ የሞተው ሽማግሌና ሕፃን ብቻ አይደለም፤ ጎልማሳው፣ ከ20 እስከ 40 ያለው ነው። ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው ማለት ነው። ስለዚህ ቀባሪ ጠፋ። ሟች በወጉ ሳይለቀስለት፣ አንዳንዱም ሳይገነዝ ሄደ። በእኛ አገር ለሰው ከሞቱ በላይ የሚከብደው ይሄ ነው።

አያቴ ዕድሜ ስትቆጥር «በኅዳር በሽታ ጊዜ እናቴ ያላገባች ልጅ ነበረች» ትል ነበር። እናቷ ሁለት ወንድሞቿን በአንድ ሳምንት ቀብራለች። የጦርነቱን ስም ግን አታውቀውም። ለጦርነቱ መነሻ የሆነው ግድያ የተፈጸመበት ሳራዬቮ የሚባል ከተማ መኖሩንም አልሰማችም። ሞቱ ግን ከዚያ ጦርነት ነው የመጣባት።

ከሁሉም የማይረሳኝ የቀኑ ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ተኩስ የቆመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው። ፓሪስና ለንደን ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ እየዘፈነ ይተቃቀፍ ነበር። በዚያው ኅዳር፣ አራዳ ውስጥ ሰው ሬሳ ያወጣ ነበር። በጦርነቱ የሞቱት ወታደሮች ከ9 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በሽታው በዓለም ዙሪያ የገደለው ደግሞ እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። እንግዲህ ጦርነት ሲቆጠር መቁጠር ያለብን የትኛውን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ሁለቱንም ነው የምቆጥረው።

ቆሻሻ ማቃጠሉስ? የዚያን ጊዜ ሰው በሽታ የሚመጣው ከተበላሸ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ግቢ ጠርጎ፣ ጥራጊውን ሰብስቦ አቃጥሎ፣ አየሩን ማጠን። «ኅዳር ሲታጠን» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ጸሎቱና ጽዳቱ አንድ ላይ ሆነው ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቁ።

ጭሱ ቫይረስ አያጠፋም። ለልጅዎ ይህንንም ይንገሯት። በዚያ ላይ የድሮው ጥራጊ ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር፣ የዛሬው ፌስታልና የውኃ ጠርሙስ ነው። እሱን አቃጥሎ ጭሱን ለልጆች ማጠጣት ጉዳት ነው። እኔ ቤት የምናደርገውን ልንገርዎት፤ ግቢውን እንጠርጋለን፣ ፕላስቲኩን ለይተን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንሰጣለን፣ ማታ ትንሽ እጣን እናጨሳለን፣ ልጆቹ ስለ አያቴ እናት ወንድሞች እንዲሰሙ እናደርጋለን።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት በዓለም ጦርነቱ ምክንያት ነው የሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ሰበብ? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አለበት። በዚያን ጊዜ ዙሪያችንን ተመልከት፤ ሱዳን፣ ኬንያና በርበራ እንግሊዝ፣ ጅቡቲ ፈረንሳይ፣ ኤርትራና ሞቃዲሾ ጣሊያን። ሦስቱም በጦርነቱ አንድ ወገን ናቸው። ኢያሱ ደግሞ ወደ ጀርመንና ወደ ኦቶማን ቱርክ ያዘነበሉ መሰሉ፣ ሶማሊያ ውስጥ እንግሊዝንና ጣሊያንን ከሚወጋው ከሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ጋርም ተላላኩ። የሦስቱ አገሮች ተወካዮች እዚሁ አዲስ አበባ ሆነው ተቃውሞ አቀረቡ።

ግን ፈረንጅ ብቻውን አላወረዳቸውም። የሸዋ መኳንንት ቂም ነበራቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም «እስልምና ተቀብለዋል» የሚለው ወሬ አስደንግጧታል። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከገቡት መሐላ ፈቱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል በዓል፣ ኢያሱ ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ጠቡ የቤታችን ነበር፣ የዓለም ጦርነቱ ግን ጊዜውን አመቻቸለት። የሰገሌን ሟቾች በዓለም ጦርነት የሞቱ ብሎ የሚቆጥራቸው የለም። እኔ ግን ያ ጦርነት በሩቁም ቢሆን እጁ አለበት እላለሁ።

ጥያቄ፦ አፍሪካ ውስጥስ ጦርነቱ ነበር? (ከአፍንጮ በር)

መልስ፦ በደንብ ነበር። ከኬንያ በታች፣ ያኔ የጀርመን ግዛት በነበረው የዛሬው ታንዛኒያ፣ አራት ዓመት ተዋግተዋል። መንገድም የጭነት ከብትም እንደልብ ስላልነበረ ጥይቱንና ምግቡን የተሸከመው አፍሪካዊ ነው፣ በጀርባውና በራሱ ላይ። ከእንግሊዝ በኩል ብቻ ከ90,000 በላይ ተሸካሚዎች ሞተዋል፣ አብዛኞቹም በበሽታና በረሃብ። ዳሬሰላም ሄዳችሁ ካሪያኮ የሚባለውን ገበያ ካያችሁ፣ ስሙ የመጣው ከእነሱ ነው፤ እንግሊዞቹ የተሸካሚዎቹን ጓድ የሚጠሩበት ስም በስዋሂሊ አፍ ተለውጦ ነው።

የጀርመኑ አዛዥ ፎን ሌቶው ፎርቤክ የዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ እጁን የሰጠው ኅዳር 16 ቀን 1911 ነው። አውሮፓ ውስጥ ተኩስ ከቆመ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ እኛም ከተማችንን ካጠንን ከአራት ቀን በኋላ።