ጥያቄና መልስ፦ የአባቴን ሬዲዮ ብሰካው ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በወጣትነታችን የዘፈን ምርጫ የምንሰማበት፣ የአቅራቢዎቹን ድምፅ ከስማቸው በፊት የምንለይበት የአባቴ ባለቫልቭ ፊሊፕስ ሬዲዮ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ለዓመታት አልተከፈተም። ልሰካው? በትንሿ የባትሪ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ስሞክር ደግሞ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነው። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እባክዎ አይሰኩት። ቫልቮቹ (አምፖል የሚመስሉት የመስታወት ቱቦዎች) ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ የሚበላሹት ኮንደንሰሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ናቸው። በተለይ ከድምፅ ማውጫው ቫልቭ በፊት ያለችው ትንሿ የወረቀት ኮንደንሰር ከእርጅና ብዛት ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ ቫልቩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ተከትሎም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ለእሱ ደግሞ መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ እሷን እንዲቀይር ይንገሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ 0.01 ማይክሮፋራድ ናት፣ አዲሷ 630 ቮልት የምትችል ትሁን። ሬዲዮው “እምምም” እያለ የሚያጉረመርም ከሆነ ትልልቆቹ የማጣሪያ ኮንደንሰሮች ደርቀዋል ማለት ነው። ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫም 220 ላይ መሆኑን ይዩ።

መጀመሪያ ሲከፈት 60 ዋት ክር ያለው አምፖል ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ ይታሰር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሬዲዮው ይግባ (ቆጣቢ አምፖል ለዚህ አይሆንም)። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደግ ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይንቀሉት። ከነቀሉም በኋላ ኮንደንሰሮቹ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ውስጡን በእጅ መነካካት ለሕይወት ያሰጋል።

የጩኸቱ ጥፋት የሬዲዮዋ ላይሆን ይችላል። ትንሿን ሬዲዮ በባትሪ እንደከፈቱ የቤቱን ብሬከር ያጥፉ። ጩኸቱ ከቆመ ምንጩ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ የስልክ ቻርጀሩን፣ ቆጣቢ አምፖሉን፣ ዲሽ መቀበያውን አንድ በአንድ እየሰኩ ያጣሩ። ካልቆመ ከጎረቤት ወይም ከሕንፃው ነው። ያኔ ሬዲዮዋን መስኮት አጠገብ ወስደው ቀስ ብለው ያዙሯት። አንቴናዋ በሆዷ ውስጥ የተቀመጠ የፌራይት (ማግኔታዊ ቁስ) ዘንግ ስለሆነ ጫፉ ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲያመለክት ጩኸቱ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያና ብረት የበዛበት ኮንክሪት ሞገዱን ያፍናል።

የጣቢያ ፍለጋውን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ቀን ቀን ፀሐይ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ የምትፈጥረው ኤሌክትሪክ ያዘለ የታችኛው ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተንጸባርቆ ከሩቅ ይደርሳል። የድሮ ሬዲዮ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ በሜትር ነው፤ 300,000ን በኪሎኸርዙ ያካፍሉ። ብሔራዊ ሬዲዮ ይጠራበት የነበረው 873 ኪሎኸርዝ እንግዲህ 344 ሜትር ግድም ይሆናል። ብሥራተ ወንጌል የተባለውን የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ግን አይፈልጉት፤ ጣቢያው በ1969 ዓ.ም ተወርሷል።

ያ የሚናፍቅዎት ወፍራም የአቅራቢ ድምፅ ከሰሌዳው ጠፍቶ ይሆናል፤ ከሣጥኑ ግን አልጠፋም። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች እዚህ በ9 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሚሰለፉ ተቀባዩ ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጠዋል፤ የቀረውን የእንጨቱ ሣጥንና ሰፊው ስፒከር ያጎሉታል። ስለዚህ ስፒከሩ ካልተቀደደ አያስቀይሩት። ከጀርባው የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ ካለው በካሴት የቀዱትን የድሮ ዝግጅት በዚያ በኩል ማጫወት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሠሪው በቴስተር ለክቶ የሬዲዮው ክፍሎች የታሰሩበት የውስጥ ብረት ከመብራቱ መስመር ጋር በቀጥታ አለመገናኘቱን ያረጋግጥ፤ ከተገናኘ በዚያ መሰኪያ ምንም አይሰኩ።