መልስ፦ ደብረ ብርሃን ለምን እንደ በቆጂ ሯጭ አታፈራም?

ሰላም ወንድሜ። «ከፍታውም ብርዱም እያለን ለምን እንደ በቆጂ ሯጭ አናፈራም? ታናሼንስ አዲስ አበባ ልላከው?» ላልከው የመሰለኝን ልበል።

ጭራሽ አላፈራንም አይባልም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2:15:16 የገባው አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሸዋ፣ ጃቶ ነው።

ከፍታችን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ውርጩን ደግሞ ታውቀዋለህ። በቆጂን የለያት ግን አየሩ ብቻ አይደለም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ነበራት። እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠነ ሰው ነው። ተተኪ የሚገኘው እንዲህ ነው።

እኛ ጋ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ቁምና እይ። ልጆቹ ይሮጣሉ። ሲኖ የጭነት መኪና ሲመጣ ቦዩ ውስጥ ዘለው ይወርዳሉ፤ ጭሱን ውጠው ተመልሰው ይወጣሉ። ባለፈው ያየሁት ልጅ የጫማው ሶል በክር የተሰፋ ነበር። ጸጥታው ሲደፈርስማ ይችም ልምምድ ትቀራለች።

ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ አንድ የወርቅና ሦስት የብር ሜዳልያ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ፌዴሬሽኑን ሲወቅስ ከረመ። ይወቀስ፣ ደግ አደረጉ! ግን የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችን ማን ጠየቀ? ስለ እነሱ በየአራት ዓመቱ እንኳ የሚያወራ የለም።

ታናሽህን አሁን አትላከው። መጀመሪያ በትምህርት ቤቶች ውድድር ይታይ፣ በሶውን እየበጠበጠ እዚሁ ይሥራ። አዲስ አበባ ከሩጫው በፊት የቤት ኪራዩ ነው የሚጥለው።