ዐይን ሕዋስ ነው ወይስ አካል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በፈተና ላይ «ዐይን በሕያዋን አደረጃጀት ከየትኛው ደረጃ ይመደባል?» ተብላ «ሕዋስ» ብላ መለሰች፤ ስሕተት ተባለባት። «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ ናቸው ተብለን ተምረን የለም ወይ?» ብትል የሚመልስላት አጣች። እኔም አባቷ አልቻልኩም። አያቷ ደግሞ «ዐይን ብልት ነው» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከሦስቱ ማን ልክ ነው?

መልስ፦ በሳይንሱ መምህሯ ልክ ናቸው። በአማርኛው ግን ልጅዎ ያቀረበችው ማስረጃ የሚጣል አይደለም፤ አያትየውም ሊሳቅባቸው አይገባም ነበር።

ጣጣው ያለው ሕዋስ የሚለው ቃል ላይ ነው። በግእዙ ሕዋስ ማለት የማየት፣ የመስማት፣ የማሽተት፣ የመቅመስና የመዳሰስ ኃይል፣ እንዲሁም ያ ኃይል የሚሠራበት የሰውነት ክፍል ነው፤ ዐረብኛውም ሐዋስ የሚለው እነዚህኑ ነው። የጎንደር የመጻሕፍት መምህራን ጉባኤ ዘርግተው «አምስቱ ሕዋሳት» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ነው እንጂ የሕያዋን ሁሉ ትንሿ መሠረታዊ ክፍል ስለሆነው ስለ ሴል አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽ ስስ ቅራፊ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ውስጡ ተደርድረው ያገኛቸውን ባዶ ቀዳዳዎች «ትንንሽ ክፍሎች» ብሎ የሰየማቸው እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። ያን ጊዜ ዐፄ ፋሲል ገና በጎንደር ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ዕፀዋትም እንስሳትም ከሴል የተሠሩ መሆናቸውን ጀርመናውያኑ ሳይንቲስቶች ሽላይደንና ሽዋን እስኪያስረዱ ድረስ ደግሞ ከ170 ዓመት በላይ አለፈ።

ዘመናዊው ትምህርት በአማርኛ መጻፍ ሲጀምር ለሴል ስም አስፈለገው፤ ሕዋስን አንሥቶ ሰጠው። አዲሱ ትርጉም ሥር ለመስደድ ጊዜ አልፈጀበትም። በአብዮቱ ዘመን የፖለቲካ ድርጅቶች ትንሿን የአባላት ስብስብ «ሕዋስ» ሲሏት ማንም ስለ ዐይንና ስለ ጆሮ አላሰበም። ነገር ግን አዲሱ ሲገባ አሮጌው አልወጣም። «የስሜት ሕዋሳት» የሚለው ሐረግ እንደ ነበረ ቀረና ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቅኔ ሰው ቢሆን፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ኅብር ይባላልና፣ ኅብር ብሎ ያደንቀው ነበር። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ወጥመድ ነው።

ዐይንን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። ተመሳሳይ ሕዋሳት አንድ ሥራ ለመሥራት ሲተባበሩ ኅብረ ሕዋስ ይባላሉ። የፊተኛው ብርሃን አስተላላፊ ገጽ በሽፋን ኅብረ ሕዋስ ተለብጧል። ነጩ ክፍል ጠንካራ አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው። ብሌኑን ፀሐይ ላይ የሚያጠብበው፣ ጨለማ ውስጥ የሚያሰፋው ጡንቻ ነው። ከኋላ ያለው ሬቲና ደግሞ የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ሲሆን፣ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያገለግሉት ሕዋሳት ብቻ በአንድ ዐይን ውስጥ ወደ 120 ሚሊዮን ይደርሳሉ። እንግዲህ አራቱም የኅብረ ሕዋስ ዐይነቶች ተባብረው አንድ ሥራ፣ ማየትን ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ስብስብ ነው በሳይንሱ አካል፣ ወይም የአካል ክፍል የሚባለው። ዐይን ሕዋስ ከሆነ እነዚያን 120 ሚሊዮኖች ምን ብለን ልንጠራቸው ነው?

ስለዚህ ምክሬ፦ በሳይንስ ጽሑፍ ሕዋስ ለሴል ብቻ ይሁን፤ ዐይንና ጆሮ «የስሜት አካላት» ይባሉ። በስብከት፣ በጸሎት፣ በቅኔና በቤት ጨዋታ ግን «አምስቱ ሕዋሳት» የኖረ አነጋገር ነውና ማንም እርማት አያውጣበት። የመጽሐፍ አዘጋጆች «የስሜት ሕዋሳት» ማለት ካልቀረላቸው በአንዲት መስመር ልዩነቱን ቢያስረዱ ምን ይቸገራሉ?

ወደ አያትየው ልምጣ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12ን ቢገልጡ አካል አንድ ሆኖ ብዙ ብልቶች እንዳሉት ያገኛሉ፤ ዐይንና እጅ፣ ራስና እግር እዚያው ተጠቅሰዋል። በዚያ አማርኛ አካል ሙሉው ሰውነት፣ ብልት ክፍሉ ነው። የጎንደር ባለሙያ ሴት ዶሮ 12 ብልት ስታወጣ፣ ፈረሰኛውን ከመላላጫው ስትለይ የምትናገረው ይህንኑ አማርኛ ነው። ብልት የሚለው ቃል ዛሬ ከተሜው አፍ ላይ ለሐፍረተ ሥጋ ብቻ ስለ ቀረ ነው ቤቱ የሳቀው። እኔ ብጠየቅ ለክፍሉ ብልት፣ ለሙሉው አካል ብንል ይሻል ነበር፤ አሁን ግን ረፍዷል።

ከረፈደው ውስጥ ዋናው «አካል» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በነገሥታቱ ዘመን ሊቃውንት በጎንደር ጉባኤ ቆመው ስለ ክርስቶስ አካልና ባሕርይ የተከራከሩበት ከባድ ቃል ነበር። ዛሬ ከሙሉነት ወደ ክፍልነት ወርዷል። በቢሮ አማርኛማ ጭራሽ ሰው ሳይሆን ሰው የሚሸሸግበት ሆኗል፤ «የሚመለከተውን አካል» በአካል ያገኘ ካለ ይንገረኝ። አካል ክፍል ሲሆን ለሙሉው ፍጡር ሌላ ስም አስፈለገና ዘአካል ተባለ፤ «ደቂቅ ዘአካላት» ሲባል የምንሰማው ነው። «ዘ» የግእዝ አገናዛቢ ስለሆነች «አካል ያለው» እንደ ማለት ነው። ባክቴሪያ ግን አንዲት ሕዋስ ብቻ ሆኖ ሳለ ዘአካል ይባላል። ለእርሱ የመጀመሪያው ደረጃ ሕዋስና ሙሉው ፍጡር ዘአካል አንድ ናቸው፤ ልጅዎ ይህን ካወቀች ከክፍሉ ሁሉ ትቀድማለች።

ከዘአካል በላይ ያለውን በአጭሩ ልንካው። አንድ ዋልያ ዘአካል ነው። በሰሜን ተራሮች ያሉት ዋልያዎች በሙሉ ሌላ ደረጃ ናቸው፤ እነርሱን «መንጋ» ማለት አያስኬድም፤ መንጋ አብሮ የሚሰማራው ብቻ ነውና። ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮውና ጅብራው አንድ ላይ ሲታዩ ደግሞ ሌላ፤ አፈሩ፣ ውኃውና ውርጩ ሲጨመርበት ሥርዓተ ምኅዳር ይሆናል።

አጻጻፉን አልጠየቁኝም፤ ግን ልጅዎ ትጠይቅዎታለችና ልጨምር። ሕዋስ በሐመሩ ሐ፣ ኅብር በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። ኅብረ ሕዋስ ሲበዛ ኅብረ ሕዋሳት ነው፤ «ኅብሮች ሕዋስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገጥሞኛል። በዚህ ሐረግ ኅብር አንድነትን እንጂ ቀለምን አያመለክትም።