የልጄ ቅማል አልለቅ አለ፤ ድህነታችን ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቢቸና አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ራሷን እያከከች ሌሊቱን አትተኛም። ብቀምላትም ቅማሉ ተመልሶ ይፈላል። ጓደኞቿ «ቅማላም» ስላሏት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ጎረቤቴ የእህል ተባይ ማጥፊያውን ቀቢያት አለችኝ። የያዛት ድሆች ስለሆንን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልለምንዎ፤ የእህሉን መድኃኒት ልጅዎ ራስ ላይ እንዳያደርሱት። በታከከና በቆሰለ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ለማሳ የሚረጭ ማላታይን የተቀባ ልጅ በላብ ተጠምቆ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል። ላምባም ቆዳ ያቃጥላል፤ ምድጃ አጠገብ ደግሞ እሳት ይይዛል።

የራስ ቅማል የቆሻሻ ምልክት አይደለም። በአሜሪካ እንኳ ከ3 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚከሰት ይገመታል። ቅማል አይበርም፣ አይዘልም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ይሻገራል። የታጠበውም ያልታጠበውም ጸጉር ለእርሱ አንድ ነው። ድህነት የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው፤ ልጆች በአንድ መደብ፣ በአንድ ጋቢ ሲያድሩ የአንዷ ቅማል የሁሉም ይሆናል፤ የመድኃኒት መግዣ ሲታጣም ወራት ይቆያል። በችግረኛ ቤት የሚበዛው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎም የልጅዎም አይደለም።

ተመልሶ የሚፈላው ከቅጫሙ ነው። እንስቷ ቅማል በቀን እስከ 8 እንቁላል ጸጉሩ ሥር ታጣብቃለች፤ እሱም ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ልጅቷን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ከጆሮዋ ኋላና ማጅራቷ ላይ ያለውን ጸጉር ገለጥ አድርገው ይዩ። ፎረፎር ሲነካ ይረግፋል፤ ቅጫም ግን በጥፍር ካልሳቡት አይላቀቅም። ጸጉሯን አርጥበው፣ ጥርሱ በጠበበ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያበጥሯት። ቅቤ ቅማል አይገድልም፤ ጸጉሩን ስለሚያለሰልስ ግን ለሚዶው ይመቻል። የቤቱን ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ይዩ። 1 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለውን የቅማል መድኃኒት ካገኙ፣ ቀብተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ያጥቡት፤ በ9ኛው ቀን ይድገሙት። መላጨትም ይሠራል፤ ልጅቷ ካልፈቀደች ግን እኔ አላዝዘውም። ሹሩባዋን ስታጣ ስድቡ ሁለት ይሆንባታል።

የልብስ ቅማል ግን ሌላ ነው። በስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ ተስቦንና ግርሻን (እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳትን) የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። በክረምት ብርድ፣ ልብስ ሳይወልቅ በሚከርምበት ደጋ፣ ወይም የአብነት ተማሪዎች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ጎጆ ያሠጋል። ድንገተኛ ትኩሳትና ቁርጥማት የያዘውን ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ያድርሱት፤ ልብሱንም በፈላ ውኃ ይቀቅሉት።

ልጅዎን ነገ ትምህርት ቤት ይላኳት፤ በቅማል ምክንያት ልትቀር አይገባም። መምህሯን ለብቻ ያነጋግሩና የክፍሉ ልጆች ወላጆች ሁሉ በዚሁ ሳምንት ልጆቻቸውን እንዲያዩ ይጠይቋቸው። ራሷ ላይ ያለው ቁስል መግል ከያዘ ደግሞ ለጤና ጣቢያ ያሳዩዋት።