ጋንጃ ያጨሰ ወንድሜ ድምፅ ይሰማዋል፤ ጠበል ወይስ ክኒን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የ20 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጋንጃ ያጨሳል። አሁን ማንም በሌለበት ድምፅ ይሰማዋል፤ «ጎረቤቶች ሊገድሉኝ ነው» ይላል። ደሴ ሐኪም አይቶት ክኒን ጀምሯል። አክስታችን ግን «ጋኔን ነው፤ ክኒኑን አስጥላችሁ ጠበል ውሰዱት» አለች። ለመስከረም 21 ግሸን ልንወስደው ነው። እሱ ደግሞ ስንቆጣው «ዕፅን ሁሉ እግዚአብሔር እንደሰጠን ዘፍጥረት ላይ ተጽፏል» ይለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። በመጀመሪያ ክኒኑን አታስጥሉት። ሐኪሙ ሳያውቅ በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

አክስትሽ ክፉ አላሰበችም። ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ የለም አትልም። ግን የአእምሮ ሕመም ሁሉ ጋኔን ነው ብላም አታስተምርም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ለወንድምሽም ያው ነው። በማለዳ ይጠመቅ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጥ። በክኒኑ ምክንያት ጾም ከከበደው የንስሐ አባቱ ያቃልሉለታል።

ጋንጃው ውስጥ ቲኤችሲ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሞቅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ጥርጣሬንና የሌለ ድምፅ መስማትንም ያመጣል። አንዳንዱ ማጨስ ሲያቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻለዋል። አንዳንዱ ግን ይቆይበትና ስኪዞፍሬንያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ይሆናል። ስዊድን ውስጥ 45,000 ያህል ለውትድርና የተመለመሉ ወጣቶችን ለ15 ዓመት ተከታትለው፣ ውጤቱን በ1987 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ከ50 ጊዜ በላይ አጭሰናል ያሉት፣ ካላጨሱት ይልቅ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ያህል ነበር። ሌሎች ምክንያቶች ሲታሰቡ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። በልጅነት የጀመረ፣ በየቀኑ የሚያጨስ፣ በዘሩ ይህ ሕመም ያለበት ሰው የበለጠ ይጎዳል።

የሚያጨስ ሁሉ አያብድም። ያላጨሰም ይታመማል። ስለዚህ «በራስህ ያመጣኸው ነው» እያላችሁ አትውቀሱት፤ ጭንቀቱን ብቻ ትጨምሩበታላችሁ።

ዘፍጥረት ያለውን በተመለከተ፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 29 ዘር ያለው ተክል «መብል ይሁናችሁ» ነው የሚለው። እንዶድም ተክል ነው፤ ልብስ እናጥብበታለን እንጂ ማን ወጥ ሠርቶ በላው? ሐዋርያው ጳውሎስም ሁሉ ቢፈቀድልኝ ምንም አይሠለጥንብኝም ብሏል። በእርግጥ ይህን አሁን ተከራክረሽ አታሸንፊውም። የታመመ ሰው በክርክር አይድንም። ሲረጋጋ ተነጋገሩበት።

ግሸንን ዘንድሮ እለፉት። ሊገድሉኝ ነው የሚል ልጅ በዚያ ገደል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቢ። የበዓሉ በረከት ወዳጅ ነኝ፤ ግን እዚያው ሰፈራችሁ ባለ ቤተ ክርስቲያን መጠመቅ ይበቃዋል። ጠበል ቦታ በሰንሰለት እንሠረው የሚል ከመጣ እምቢ በሉ። ራሴን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ጠበሉ ለነገ ይደርሳል።

ጫትም ይቅም ይሆናል፤ በእኛ አገር ማን ይጠይቃል? እሱም እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመሙንም ያባብሳል። ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ጋንጃውን ደግሞ ለንስሐ አባቱ ራሱ ይናገር። ቀድመሽ አትናገሪበት፤ አእምሮው ሲረጋጋ አብረሽው ሂጂና ከደጅ ቆዪው።